ሁሉም «ትርክት» ሲባል

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ በ1864 ዓ.ም.፣ ለእንግሊዝ መንግሥት አንድ ደብዳቤ ጻፉ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ከአራት ዓመት በፊት ከመቅደላ ከወሰዳቸው መጻሕፍት አንዱ እንዲመለስላቸው ነበር ጥያቄያቸው። መጽሐፉ «ክብረ ነገሥት» ነው። የኢትዮጵያ ሁሉ ሕግ በዚህ መጽሐፍ እንዳለ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም ተጽፎበት እንደሚገኝ፣ ያለ እርሱም ሕዝቡ ለትእዛዛቸው እንደማይገዛ አስረዱ። እንግሊዞችም መጽሐፉን መለሱ።

ደብዳቤውን ልብ ብሎ ላነበበው ሰው፣ ንጉሠ ነገሥቱ የጠየቁት ጥራዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይዟል። በአንድ በኩል የንግሥት ማክዳ የኢየሩሳሌም ጉዞ፣ የቀዳማዊ ምኒልክ ልደት፣ የታቦተ ጽዮን ወደ ኢትዮጵያ መምጣት አለ። በሌላ በኩል የሹመትና የግዛት መዝገብ አለ። አንዱ የዘውዱን ክብር ያስረዳል፤ ሌላው ማን የት እንደተሾመ ይመሰክራል። ሁለቱ በአንድ ቆዳ ተደጉሰው ለዘመናት ኖረዋል፤ የሚጠየቁት ጥያቄ ግን አንድ አይደለም።

ዛሬ ያ ጥራዝ ለአንድ የቴሌቪዥን ክርክር ቢቀርብ ከዳር እስከ ዳር የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ «ትርክት»።

ቃሉ ከ«ተረከ» የወጣ ነው። ዘመዱ «ትረካ» በሬዲዮ ዘመን ላደጉ ሰዎች የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅና «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይዞ የሚመጣ የተወደደ ቃል ነው። «ትርክት» ግን ባለፉት ዓመታት ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ገዢ ትርክት፣ አሰባሳቢ ትርክት፣ ነጣጣይ ትርክት፣ የሐሰት ትርክት፤ ከምክር ቤት እስከ ቡና ቤት በዚሁ ይነገራል። የቃሉ ጉዳት ዋናውን ጥያቄ ማስቀረቱ ላይ ነው። ትርክት ይጠቅማል ወይም ይጎዳል፣ ያሰባስባል ወይም ይበትናል። በእርግጥ ተፈጽሟል ወይ? ማን አየው? መቼ ተጻፈ? በማን እጅ? የሚለው ይረሳል። አማርኛ ደግሞ ለእነዚህ ጥያቄዎች ሲዘጋጅ የኖረ ቋንቋ ነው፤ ተረት አለው፣ አፈ ታሪክ አለው፣ ገድል፣ ትውፊት፣ ዜና መዋዕል፣ ታሪክ አለው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቃል መዋጣቸው የአገሪቱን የአደባባይ ክርክር ክፉኛ እየጎዳው ይገኛል።

ከሁሉም በላይ የተበደለው «ተረት» ነው። ፖለቲከኛ የባላንጣውን ንግግር ማጣጣል ሲፈልግ «ይሄ ተረት ተረት ነው» ይላል፤ ውሸት ነው ማለቱ ነው። ተረት ግን ውሸት አይደለም። ዋሾ የሚሰማው ሰው እንዲያምነው አጥብቆ ይፈልጋል። ተረት ነጋሪዋ አያት ግን «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የመሠረት» ወይም «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ፤ ይህ ምላሽ ስምምነት ነው። ከዚያ በኋላ ጦጣ ብትናገር፣ ጅብ ዳኛ ሆኖ ቢሰየም ምስክር የሚጠራ የለም። ሲያልቅም ነጋሪዋ አፏን በዳቦ እንዲያብሱላት ጠይቃ ትጨርሳለች፤ ሁሉም ወደ ዕለት ኑሮው ይመለሳል። ሐዲስ ዓለማየሁ ለተረት መጽሐፋቸው «ተረት ተረት የመሠረት» የሚል ርዕስ ሲሰጡ ከሽፋኑ ላይ ያኖሩት ይህንኑ ስምምነት ነው። ደግሞም አማርኛ ተረትን ከጥበብ ለይቶ አያየውም። «ተረትና ምሳሌ» እየተባሉ የሚታተሙት መጻሕፍት የአበውን አባባል የያዙ ናቸው፤ ሽማግሌም ባልና ሚስት ሲያስታርቅ «ሲተረት…» ብሎ የሚጀምረው ነገር ነገሩን የሚቋጭ እውነት ነው። ይህን ቃል ለስድብ ማዋል የነጋሪዋንም የሽማግሌውንም ክብር መድፈር ነው።

«ታሪክ» ራሱ ድንበሩን ያገኘው ቀስ በቀስ ነው። ከዐረብኛ የመጣ ቃል ሲሆን በምንጩ ቀን መጻፍን፣ ዘመን መመደብን ይይዛል። በአማርኛ ግን ለረጅም ጊዜ የተፈጸመውንም የተፈጠረውንም ሲያጠቃልል ቆይቷል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የመጀመሪያውን የአማርኛ ረጅም ልብ ወለድ ሲያሳትሙ ርዕሱን «ልብ ወለድ ታሪክ» አሉት። ታሪክ መሆኑን አልካዱም፤ የወለደው ልብ መሆኑን ግን በሽፋኑ ላይ አስታወቁ። ከጊዜ በኋላ «ልብ ወለድ» ብቻውን ቆሞ የድርሰት ዘርፍ መጠሪያ ሆነ። ከበደ ሚካኤልም ምሳሌያዊ ወጎችን የሰበሰቡበትን መጽሐፍ «ታሪክና ምሳሌ» ብለውታል። እነዚህ ጸሐፊዎች አንባቢው ምን እንደያዘ እንዲያውቅ መጠንቀቃቸው ዛሬ ሊቀዳ የሚገባው ልማድ ነው።

«አፈ ታሪክ» ሌላ ነገር ነው። አፈ ንጉሥ በንጉሡ ስም ይፈርድ ነበር፤ አፈ ጉባኤ የጉባኤው አንደበት ነው። በዚያው አገባብ አፈ ታሪክ የታሪክ አፍ ነው፤ የሚናገረው ራሱን ችሎ ሳይሆን ስለ አንድ ተፈጽሟል ስለሚባል ነገር ነው። ቦታ ይጠራል፣ ሰው ይሰይማል፣ ፍርስራሽ ያሳያል። ስለዚህ ከተረት በተለየ ሊመረመር ይችላል፤ ይገባዋልም።

ለዚህ ከዮዲት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጉዲትም እሳቶም እየተባለች አክሱምን እንዳጠፋች፣ አብያተ ክርስቲያናትን እንዳቃጠለች ከትግራይ እስከ ወሎ ይነገራል። ይህ የአፍ ነገር ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ10ኛው መቶ ዘመን የኖረው ዐረባዊ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ኢብን ሐውቀል የሐበሻን ንጉሥ ገድላ አገሩን ስለያዘች ንግሥት ጽፏል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክም በአባ ፊላታዎስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ979 እስከ 1003 ባለው ጊዜ፣ አንድ የሐበሻ ንጉሥ ለኖብያው ንጉሥ ለጊዮርጊስ የላከውን አቤቱታ መዝግቧል፤ አንዲት ንግሥት አገሩን እንዳወደመችበት፣ ጳጳስ አጥቶም እንደተቸገረ ይገልጻል። በእነዚህ ምስክሮች መሠረት አፈ ታሪኩ ባዶ አይደለም። ሴት ነበረች፣ ጦርነት ነበረ፣ ጥፋት ነበረ።

ነገር ግን አክሱም ከተማ ዳር የሚገኘው ያልተጠረቡ ሐውልቶች መስክ «የጉዲት ሐውልቶች» ይባላል፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ደግሞ መስኩን የሚመድቡት ከክርስቶስ ልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት ነው። ከእርሷ በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። ከመንገዱ ማዶ ያለው የዱንጉር ፍርስራሽም «የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት» ተብሎ ለጎብኚ ይታያል፤ ሕንፃው ግን የንጉሥ ሰሎሞን ዘመን ካለፈ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ6ኛው መቶ ዘመን ገደማ የተሠራ የመኳንንት መኖሪያ ነው። አፈ ታሪክ የሚሠራው እንዲህ ነው። እውነተኛ ሰው ያስታውስና ባገኘው ድንጋይ ላይ ሁሉ ስሟን ይጽፋል። ማንነቷን በተመለከተም አንዱ ከአገው፣ ሌላው ከቤተ እስራኤል፣ ሦስተኛው ከደቡብ ከዳሞት ወገን ያደርጋታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ አጥፊዋን ከአንድ ጎረቤት ሕዝብ ወስዶ መሰየም ያ ሕዝብ ለዘመናት የሚሸከመው ክስ ይሆናልና። ጉዳዩን «ትርክት» ብሎ የሚያልፈው ሰው ምስክሩንም ክሱንም አብሮ ይጥላል። «ታሪክ» ብሎ የሚያጸድቀው ሰው ክሱንም አብሮ ያጸድቃል። «አፈ ታሪክ» የሚለው ግን እህሉን ከገለባው የመለየት ግዴታ ውስጥ ይገባል።

በሥነ ቃል ትምህርት «ሐተታ ተፈጥሮ» የሚባለው ደግሞ ከዚህ ይለያል። የኦሮሞ ሽማግሌዎች ፍጥረት ከወላቡ ወጣ ሲሉ ስለ አንድ ዘመቻ ወይም ስለ አንድ ንጉሥ መናገራቸው አይደለም። ሰው፣ ምድርና ሥርዓት እንዴት እንደጀመሩ ነው የሚናገሩት። ይህን የመሬት ይገባኛል ማስረጃ ማድረግም፣ «በካርታ አሳዩኝ» ብሎ መሞገትም ነገሩን ካለመረዳት ይመጣል።

«ገድል» በግእዝ ትግል፣ ተጋድሎ ነው። የቅዱሳን ሕይወት የተጻፈበት መጽሐፍ በዚህ ስም የተጠራው የሚነግረው የልደትና የሞት ቀን ሳይሆን የሰውየው ትግል ስለሆነ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በአንድ እግራቸው ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው እንደተቆረጠ፣ ክንፍም እንደተሰጣቸው ገድላቸው ይናገራል። ገድለ ላሊበላ ንጉሡ ወደ ሰማይ ተወስዶ አብያተ ክርስቲያናቱን እንዳየ፣ በግንባታውም መላእክት ከሰው ጋር እንደሠሩ ይተርካል። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ከራሱ ከላሊበላ ዘመን ደግሞ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ተርፏል፤ ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወንጌል መጽሐፍ ውስጥ የተመዘገበ የርስት ስጦታ። እዚያ መላእክት የሉም። ንጉሥ አለ፣ ገዳም አለ፣ መሬት አለ።

ይህን ልዩነት ያየ አንድ ችኩል ሰው ገድሉን ይወረውርና የርስቱን ጽሑፍ ይይዛል። ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ግን እንዲህ አላደረጉም። እ.ኤ.አ. በ1972 በእንግሊዝኛ ያሳተሙት፣ ከ1270 እስከ 1527 የነበረውን የቤተ ክርስቲያንና የመንግሥት ግንኙነት የሚያጠናው መጽሐፋቸው በገድላት ላይ እጅግ የተመረኮዘ ነው። ተአምሩን ለምእመኑ ትተው መነኩሴው ከየት ተነሣ፣ በየት አለፈ፣ ከየትኛው ንጉሥ ጋር ተጋጨ፣ ደቀ መዛሙርቱ የት የት ገዳም መሠረቱ ብለው ጠየቁ። በዚህም የመካከለኛው ዘመን የገዳማት መስፋፋት፣ የንጉሡና የመነኮሳቱ ግጭት፣ የደቡብና የምዕራብ ስብከት ካርታ ወጣ። ገድሉን ሳይንቁ፣ ሳያመልኩበትም፣ የሚችለውን መልስ ከእርሱ አገኙ። አንድ የኢትዮጵያ ምሁር ለእነዚህ መጻሕፍት ካደረገው ውለታ ይህ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም።

የእስልምናውም ወገን የራሱ ቃል አለው። በወሎና በባሌ የታላላቅ ሼሆች ተአምር «ከራማ» ይባላል፤ ሕይወታቸውና ከራማቸው የተጻፈበት መጽሐፍም በዐረብኛ «መናቂብ» ነው። የባሌው ሼህ ሁሴን ከራማ በየዓመቱ ምእመናን ወደ መካነ መቃብራቸው በሚጓዙበት ጊዜ በዜማ ይወሳል። ገድልና ከራማ ጎን ለጎን የሚኖሩ የአንድ አገር ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሁለቱም ለአማኝ የሚናገሩት ሌላ፣ ለታሪክ መርማሪ የሚሰጡት ሌላ ነው።

የሚያሳስበው «ገድል» ከገዳም ወጥቶ ወደ ፖለቲካ መግባቱ ነው። የአርበኞች ገድል፣ የታጋዮች ገድል ይባላል። ለአገር የወደቀን ሰው በዚህ ቃል ማክበር ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ገድል በባሕርዩ ባለገድሉን ከነቀፌታ በላይ ያስቀምጣል። የፓርቲ ታሪክ በገድል መልክ ሲጻፍ የተሸነፈው፣ የተሳሳተው፣ በስህተት የተገደለው ሰው ከገጹ ይጠፋል። ቤተ ክርስቲያን ገድል ስትጽፍ ገድል መሆኑን በርዕሱ ላይ ታስታውቃለች፤ ፓርቲ ግን ያንኑ ጽሑፍ «ታሪክ» ብሎ በትምህርት ቤት ያስጠናል።

 

ከሁሉም ቃላት ረቂቁ «ትውፊት» ነው። ትውፊት ከአባት ለልጅ የተላለፈ፣ የተቀበሉት አደራ ነው። ዋናው ጥያቄ «ተፈጽሟል ወይ?» የሚለው ሳይሆን «ከማን ተቀበላችሁት? በእርሱስ እንዴት ኖራችሁበት?» የሚለው ነው። የቤተ እስራኤል ጉዳይ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከሽማግሌዎቻቸው ብዙዎቹ ከቀዳማዊ ምኒልክ ጋር ከኢየሩሳሌም ከመጡት ወገን ነን ሲሉ ኖረዋል። በእስራኤል የነበሩ ሊቃውንት ደግሞ ሌላ ትውፊት ያዙ፤ ከዳን ነገድ ናቸው የሚል። የእስራኤል የሴፋርድ ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል አይሁድ መሆናቸውን ሲወስኑ የተደገፉት በዚህ ሁለተኛው ትውፊት፣ በተለይም የ16ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ዳዊት ኢብን ዚምራ በሰጡት ብያኔ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመመለስ ሕግ እንዲመለከታቸው ተቀበለ። እ.ኤ.አ. በ1991 በግንቦት ወር ዘመቻ ሰሎሞን ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ አወጣ፤ የዘመቻው ስም እንኳ ከዚያው ከጥንቱ ነገር የተወሰደ ነው።

ካፕላንን የመሰሉ የታሪክ ተመራማሪዎች በበኩላቸው የቤተ እስራኤል ማንነት በዋናነት የተቀረጸው በኢትዮጵያ ውስጥ፣ ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ነው ይላሉ። ይህ የታሪክ መልስ ነው፤ ሊከበርም ሊሞገትም ይችላል። ነገር ግን የአንድን ማኅበረሰብ ሰንበት፣ የንጽሕና ሕግና የኢየሩሳሌም ናፍቆት ሊሽረው አይችልም፤ እነዚህ በትውፊት የተኖሩ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1985 ረቢዎቹ ሥርዓታዊ ጥምቀት ካልፈጸማችሁ ባሉ ጊዜ አዲስ ገቢዎቹ በኢየሩሳሌም ለሳምንታት አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ። ማስረጃቸው የዘር ሐረግ መዝገብ አልነበረም። ለዘመናት በአይሁድነት መኖራቸው ነበር።

በአንጻሩ ትውፊት በሕግ አንቀጽ ሲቸነከር ምን እንደሚሆን በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ያሳያል። አንቀጽ ሁለት ዘውዱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘር እንደማይወጣ ሲደነግግ፣ ያ ዘር ሳይቋረጥ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ የወረደ መሆኑን በሕግ ቋንቋ አስፍሯል። ትውልዶች በቅዳሴና በሥዕል ሲቀበሉት የነበረ ነገር በአንድ ብዕር ሊረጋገጥ ወይም ሊፈርስ የሚችል የሕግ መግለጫ ሆነ። በስድሳዎቹ የተነሣው የተማሪ ትውልድ መግለጫውን በቀላሉ አፈረሰው፤ ከርሱ ጋር ትውፊቱን ጭምር ማቃለል ልማድ ሆነ። የሚያሳዝነው ይህ ነው። «ክብረ ነገሥት» በ14ኛው መቶ ዘመን በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅና በጓደኞቹ እጅ በግእዝ የተዘጋጀ፣ አንድ ሕዝብ ራሱን በዓለም ታሪክ ውስጥ ያስቀመጠበት ድንቅ ሥራ ነው። ዲኤንኤ መርማሪ ሊያጸድቀው አይገባም፤ የፖለቲካ ወጣትም ሊሰርዘው አይችልም።

በሌላው ጫፍ ያለው ስህተትም መታየት አለበት። ከውጭ ቋንቋ በሚተረጎሙ የጤና ጽሑፎች ስለ ክትባት ወይም ስለ በሽታ የሚናፈስ የሐሰት ወሬ «አፈ ታሪክ» ተብሎ ይነበባል። ለዚህ አማርኛ ቃል አላጣም፤ አሉባልታ አለ፣ የሐሰት ወሬ አለ፣ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። ትናንት በስልክ የተላከን አሉባልታ በዮዲት ስም መጥራት ለወሬው የማይገባውን ክብር ይሰጠዋል፤ አፈ ታሪኩንም ያዋርዳል።

በኢትዮጵያ ፖለቲካ ለዓመታት የዘለቀው የ«ሦስት ሺህ ዘመን» እና የ«መቶ ዓመት» ሙግት መቋጫ ያጣው በከፊል በዚህ የቃላት መደበላለቅ ነው። ሦስት ሺህ የሚለው ትውፊትን እንደ ዜና መዋዕል ያቀርባል። መቶ የሚለው የዛሬውን ድንበር አመሠራረት ይዞ የአክሱምን ጽሑፎች፣ የዛጉዬን ሕንፃዎችና የነገሥታቱን ዜና መዋዕል እንደሌሉ ይቆጥራል። አንዱ ሌላውን «ተረት» ይለዋል፤ ከዚያ መንግሥት መጥቶ «አዲስ ትርክት እንገንባ» ይላል። ትርክት ይገነባ ይሆናል። ታሪክ ግን ይመረመራል እንጂ አይገነባም፤ ትውፊትም ይወረሳል እንጂ በኮሚቴ አይረቀቅም።

ለዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች በተዘጋጀው የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ትምህርት ላይ የተነሣው ጭቅጭቅ የሚቀንሰው የማን ትርክት ይግባ በሚል ድርድር አይደለም። መምህሩ ኢብን ሐውቀልን፣ የፓትርያርኮቹን ታሪክና የአክሱም ሽማግሌዎችን ቃል በአንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ተማሪው የትኛው ምን እንደሆነና ምን ሊጠየቅ እንደሚገባው ራሱ እንዲለይ ቢያደርግ ይሻላል። ጋዜጠኛም አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ ተቃዋሚ «ይህ የሐሰት ትርክት ነው» ባለው ቁጥር ቃሉን ተቀብሎ ርዕስ ከማድረጉ በፊት፣ የተባለው ነገር በየትኛው ሰነድ፣ በማን አንደበት፣ በየትኛው ዓመት እንደተነገረ ሊጠይቀው ይገባል።